የመኪና ጂፒኤስ ካርታ በየዓመቱ እየከፈሉ ማሳደስ ያዋጣል ወይ?

መንገደኛው፦

ሰላም ለሁላችሁ። የመኪና ጂፒኤስ የምትጠቀሙ ሰዎች እስኪ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ።

አባቴ መኪናውን ሲሰጠኝ መስታወት ላይ የምትለጠፈውን ጂፒኤስም አብሮ ሰጠኝ። ሰባት ዓመቷ ነው። እሱ ረጅም መንገድ ያለሷ አይወጣም ነበር፤ እኔም ከለመድኳት በኋላ መተው አቃተኝ። ስልክ ተደውሎ አያቋርጣትም፣ ኔትወርክ አትፈልግም፣ ፀሐይ ላይም ስክሪኗ ይነበባል። ችግሩ ካርታዋ አርጅቷል። በከፈትኳት ቁጥር ካርታው ጊዜው እንዳለፈበት ትነግረኛለች፣ እኔም «በኋላ» የሚለውን ነክቼ አልፋለሁ። እንዲህ እያልኩ ዓመት ሆነኝ።

ባለፈው ሳምንት ግን አስደነገጠችኝ። በቅርቡ የተከፈተ ሰፊ አስፋልት ላይ እየነዳሁ ነው፣ ስክሪኑ ላይ ግን መንገድ የሚባል ነገር የለም። ያቺ ትንሽዬ የመኪና ምልክት ባዶ አረንጓዴ ሜዳ መሃል ብቻዋን ትሄዳለች፣ ድምፁ ደግሞ በየደቂቃው «ሲቻል ዞረው ይመለሱ» ይለኛል። እሱን እንኳን ችዬ አለፍኩት። ወደ ድሮው መንገድ ከተመለስኩ በኋላ ወደ ግራ ታጠፍ አለችኝ፤ ፍሬቻ አብርቼ መሪውን ማዞር ስጀምር ባለቤቴ ጮኸች። ቀና ስል መግባት ክልክል ነው የሚለው ቀይ ምልክት ፊቴ ተተክሏል። መንገዱ ዋን ዌይ ሆኗል፣ ከፊት ለፊት መኪና እየመጣ ነበር።

አሁን ሁለት ምርጫ አለኝ። ወይ አንድ ጊዜ ከፍዬ የአሁኑን ካርታ ብቻ መጫን፣ ወይ ዓመታዊ ክፍያ ገብቼ በዓመት አራት ጊዜ አዲስ ካርታ ማግኘት። በዋጋ ብዙም አይራራቁም፣ ለዚህ ነው ግራ የገባኝ። ደግሞስ የሳተላይቱ አገልግሎት ነፃ አይደለም እንዴ? በየጊዜው የምንከፍለው ለምንድን ነው?

ወለላ፦

እንኳን ምንም ሳትሆኑ ተረፋችሁ።

የመጨረሻው ጥያቄህ ላይ ልጀምር፤ እኔም ድሮ የማይገባኝ እሱ ነበር። አዎ፣ ሳተላይቱ ነፃ ነው። መሣሪያዋ ቢያንስ የአራት ሳተላይት ሲግናል ትይዝና ያለህበትን ነጥብ ታሰላለች፣ የሳተላይቱ ሥራ እዚህ ላይ አለቀ። ያ ነጥብ አስፋልት ላይ ይሁን ሜዳ ላይ፣ መንገዱ በየት በኩል ይነዳበት፣ ሳተላይቱ የሚያውቀው ነገር የለም። እሱን የሚያውቀው ካርታው ነው። ካርታው ደግሞ ሰው ነድቶ፣ ካሜራ ጭኖ፣ ከመንገድ ባለሥልጣናት መረጃ ሰብስቦ የሚሠራው ነገር ነው። ያንተ መሣሪያ ያለህበትን ቦታ አልሳተችም፣ መንገዱ መሠራቱን ነው ያልሰማችው።

አሁን ወደ ክፍያው። እኔ አራት ዓመት ሙሉ ዓመታዊውን ከፍያለሁ። በዓመት አራት ጊዜ ስለሚመጣ አሥራ ስድስት ካርታ መጫን ነበረብኝ ማለት ነው። ያወረድኩት አምስት ብቻ ነው። አንዱን ለማውረድና ለመጫን አንድ ምሽት ሙሉ ይፈጃል፣ ሥራ ውዬ ገብቼ ማን ይቀመጥለታል። ይባስ ብሎ የመጀመሪያው ዓመት ሲያልቅ ክፍያው በራሱ ታድሶ ነበር፣ እኔ ያወቅኩት ገንዘቡ ከተቆረጠ በኋላ ነው። ስለዚህ ዓመታዊውን ከገባህ፣ የዚያኑ ቀን «በራሱ ይታደስ» የሚለውን አጥፋ።

የኔ ምክር አንድ ጊዜ ግዛ ነው። ከዚያ የምትነዳበት አካባቢ በደንብ እስኪለወጥ ወይም ወደማታውቀው ሩቅ ቦታ እስክትሄድ ድረስ አትንካት።

የዳሽቦርድ ልጅ፦

ወለላ ያለችው ትክክል ነው፣ ግን ወንድሜ ካርድህን ከማውጣትህ በፊት ሌላም የምታጣራው አለ።

መጀመሪያ፣ መሣሪያዋ አሁንም አዲስ ካርታ ይወጣላታል ወይ? ሰባት ዓመት ለዚህ ዕቃ ትንሽ ዕድሜ አይደለም። ጂፒኤስ አምራቹ ቶምቶም እ.ኤ.አ. በ2018 አንዳንድ የቆዩ መሣሪያዎቹ አዲሱን ካርታ መሸከም ስለማይችሉ ከዚያ በኋላ አፕዴት እንደማያገኙ አስታውቆ ነበር፣ «የዕድሜ ልክ ካርታ» ብለው የገዙ ሰዎችም ነበሩበት። ብዙ ሰው የዕድሜ ልክ ሲባል የራሱ ዕድሜ ይመስለዋል። ውሉን ብታነበው የመሣሪያው የአገልግሎት ዕድሜ ነው የሚለው። ሌላው አምራች ጋርሚን ደግሞ ካርታውን ለረጅም ጊዜ ሲወስድ የኖረው ከሌላ ድርጅት ነው፣ ከሂር፣ ድሮ ናቭቴክ ይባል ከነበረው። ስለዚህ የሱ ውል ካርታ አቅራቢው መረጃ መስጠቱን እስከቀጠለ ድረስ የሚል ሐረግም አለው። እና ይሄ መብት ከዕቃው ጋር የታሰረ ነው፤ ሌላ መሣሪያ ብትገዛ አብሮህ አይሄድም።

ሁለተኛ፣ ሚሞሪዋን እይ። የቆዩት ውስጥ 4 ወይም 8 ጊጋባይት ብቻ የያዙ ብዙ ናቸው፣ ካርታው ግን በየዓመቱ ይወፍራል። ከፍለህ ከጨረስክ በኋላ «ቦታ የለም» ቢልህ ያናድዳል፤ በዚህ የተቃጠለ ሰው በዓይኔ አይቻለሁ።

ሌላው ብዙ ሰው የሚያምታታው፣ የካርታ አፕዴትና የሶፍትዌር አፕዴት አንድ አይደሉም። የሶፍትዌሩ ብዙውን ጊዜ ነፃ ነው፣ መጀመሪያ እሱን ጫን። የጂፒኤስ ሲስተም ሳምንታትን የሚቆጥረው እስከ 1024 ነው፣ ከዚያ እንደገና ከዜሮ ይጀምራል። ለመጨረሻ ጊዜ የዞረው እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 6 ቀን 2019 ነው፣ ቀጣዩ በ2038 ነው። በ2019ኙ ጊዜ ሶፍትዌራቸው ያልታደሰ አንዳንድ የቆዩ መሣሪያዎች ቀኑን ሃያ ዓመት ገደማ ወደ ኋላ መልሰውታል። ቀን ከተሳሳተ የምትደርስበት ሰዓትም አብሮ ይበላሻል፣ ሰዎች ደግሞ ካርታው ነው ብለው ለካርታ ይከፍላሉ።

ነፃ መንገድም አለ። ኦፕንስትሪትማፕ እ.ኤ.አ. በ2004 የተጀመረ፣ በጎ ፈቃደኞች የሚሠሩት ካርታ ነው። መሣሪያህ ጋርሚን ከሆነ ለሱ ተብሎ የተዘጋጀውን ፋይል አውርደህ ሚሞሪ ካርድ ላይ «ጋርሚን» የሚባል ፎልደር ከፍተህ ትገለብጠዋለህ፣ መሣሪያው ሲነሳ ራሱ ያነበዋል። ካርዱ ፋት 32 በሚባለው የፋይል አያያዝ ዘዴ ፎርማት መደረግ አለበት፤ በዚህ ዘዴ አንድ ፋይል ከ4 ጊጋ መብለጥ አይችልም፣ ስለዚህ የሚያስፈልግህን አካባቢ ብቻ ምረጥ። አድራሻ ፍለጋ ላይ ከአምራቹ ካርታ ይደክማል። መንገዱን ማሳየት ላይ ግን አንዳንድ ቦታ ከሚከፈልበት ይበልጣል፣ አንዳንድ ቦታ ደግሞ ባዶ ነው። በየአካባቢው ባሉት ሰዎች ትጋት ይወሰናል።

ባለከባዱ፦

ልጆች፣ እኔ ግን አልስማማም። ሃያ ሁለት ዓመት ከባድ መኪና ነድቻለሁ፣ ዓመታዊውን ያለማቋረጥ እከፍላለሁ፣ ወደፊትም እከፍላለሁ።

ለከባድ መኪና የተሠራው ጂፒኤስ ላይ የመኪናውን ቁመት፣ ክብደትና ርዝመት ትሞላለህ። ከዚያ ዝቅ ያለ ድልድይ ካለ በዚያ አያሳልፍህም፤ ክብደት የማይችል መንገድም እንደዚያው። ይሄ የሚሠራው ካርታው ላይ የድልድዩ ከፍታ ተጽፎ ከሆነ ብቻ ነው። አስፋልት ሲታደስ በድሮው ላይ ይደረብና ከድልድዩ በታች ያለው ክፍተት ይቀንሳል፣ ምልክቱ ይቀየራል። ያረጀ ካርታ ያንን አያውቅም። አንድ ሌሊት ዝናብ እየዘነበ አሮጌ ካርታ አምኜ ድልድይ ስር ልገባ ስል ምልክቱን በመብራት አይቼ ቆምኩ። ከኋላዬ መኪና ተደርድሯል፣ ያንን ሁሉ ዕቃ እንደጫንኩ ወደ ኋላ መመለስ ነበረብኝ። ረዳቴ ወርዶ በባትሪ እያሳየኝ ሦስት መቶ ሜትር ገደማ ወደ ኋላ ነዳሁ። አርባ ደቂቃ ፈጀብን። ከዚያ ቀን በኋላ ስለ ክፍያው አስቤ አላውቅም።

መንጃ ፈቃድህም እንጀራህም መንገድ ላይ ከሆነ ክፈል። በሳምንት ሁለት ቀን ለምትወጣ የቤት መኪና ግን ወለላ ያለችው ይበቃል፣ እሱን አልክድም።

መንገደኛው፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፣ ይህን ያህል አልጠበቅኩም። ጋሽ ባለከባዱ፣ የእርስዎን ታሪክ ለባለቤቴ አነበብኩላት፣ «ያንተም እንዲህ ሊሆን ነበር» አለችኝ።

የተባለውን ሁሉ አየሁ። መሣሪያዋ አሁንም ካርታ ይወጣላታል። ሶፍትዌሩን አደስኩ፣ እውነትም በነፃ ነው። ሚሞሪዋ ግን 8 ጊጋ ነው፣ ከዚያ ውስጥ የቀረው አንድ ጊጋ አይሞላም። አሁን ምን ላድርግ? ደግሞ አንድ ነገር ፈራሁ፤ ከፍዬ ካወረድኩ በኋላ ያ አዲሱ መንገድ እዚያም ባይኖርስ?

የዳሽቦርድ ልጅ፦

ስለ ቦታው አትጨነቅ። ስትጭን ሙሉውን ሳይሆን የምትነዳበትን ክፍል ብቻ እንድትመርጥ የሚያደርግ አማራጭ ይኖራል፣ እሱን ተጠቀም። የማትጠቀምባቸውን የድምፅ ቋንቋዎችም አጥፋ፣ እነሱም ቦታ ይይዛሉ። መሣሪያዋ የካርድ ማስገቢያ ካላት ባዶ ሚሞሪ ካርድ ክተትባት፣ የተረፈውን እዚያ ላይ ትጭነዋለች። ከሁሉ በፊት ግን ያሉህን የተቀመጡ አድራሻዎች ኮምፒውተር ላይ ገልብጥ። የአባትህ ቦታዎች እዚያ ውስጥ ካሉ እንዳይጠፉብህ።

ስለ ሁለተኛው፣ ጥሩ ጥያቄ ነው፣ ሳይከፈል ሊታይ ይችላል። መሣሪያዋ ስትነሳ ወይም ሴቲንግ ውስጥ «ስለ ካርታው» የሚለው ጋ የካርታ አቅራቢው ስም ተጽፏል። ሂር ከሆነ «ሂር ዊጎ» የሚባል በብራውዘር የሚታይ ነፃ ካርታ አለው፣ ቶምቶምም የራሱ አለው። እዚያ ገብተህ መንገድህን ፈልግ። እዚያ ከሌለ መሣሪያው ላይም አይኖርም፣ አትክፈል። እዚያ ካለ ደግሞ የመምጣቱ ዕድል ሰፊ ነው፣ ምንም እንኳ የመሣሪያው ካርታ ከድረ ገጹ ጥቂት ወራት ዘግይቶ ቢወጣም።

ወለላ፦

አንድ ነገር ልጨምር። መንገዱ እዚያ ከሌለ ዝም ብለህ አትውጣ። ሁሉም ስህተት የሚጠቆምበት ቦታ አላቸው፣ ኦፕንስትሪትማፕ ላይ ደግሞ ራስህ ማስተካከል ትችላለህ። እኔ ሰፈራችን ውስጥ የተዘጋች አንዲት ማቋረጫ ጠቁሜ ከወራት በኋላ በመጣው ካርታ ላይ ተስተካክላ አየሁ፣ በጣም ነው ደስ ያለኝ። ከኋላዬ ለሚመጣው ሰው አንድ መሳሳት ቀነሰለት።

በራሱ የሚታደሰውን ነገር ደግሞ አደራህን።

መንገደኛው፦

የደረስኩበትን ልንገራችሁ፣ ምናልባት እንደኔ የሚጠይቅ ሰው ይጠቅመዋል።

የአቅራቢውን ካርታ በኮምፒውተር ከፍቼ አየሁት። አዲሱ አስፋልት አለ፣ እስከ አደባባዩ ድረስ ተስሏል። ያቺ ልገባባት የነበረችው መንገድም የዋን ዌይ ቀስት ተደርጎባታል። ኦፕንስትሪትማፕ ላይ አስፋልቱ አለ፣ ዋን ዌዩ ግን የለም፤ አካውንት ከፍቼ ራሴ አስተካከልኩት፣ አሥር ደቂቃ እንኳ አልፈጀብኝም። ለኔ የወሰነልኝ ቀስቷ ናት። መንገድ ጠፍቶ ሜዳ ላይ ብታሳየኝ እታገሳለሁ፣ ወደ ተከለከለ መንገድ እንድታስገባኝ ግን አልፈልግም።

የአንድ ጊዜውን ከፈልኩ። ዓመታዊውን ተውኩት፣ በሳምንት ሁለትና ሦስት ቀን ነው የምነዳት። አድራሻዎቹን ስገለብጥ አባቴ ያስቀመጣቸው አርባ ምናምን ቦታዎች አገኘሁ፣ አንዱን «የወንድሜ ቤት፣ ጥቁሩ በር» ብሎ ሰይሞታል። ሁሉንም አስቀምጫቸዋለሁ።

አሁን ካርታው እየወረደ ነው፣ 38 ከመቶ ደርሷል። ኬብሉን ማንም እንዳይነካው ለልጆቹ ነግሬ ጠረጴዛው አጠገብ ተቀምጫለሁ።