ዓሣ ላይ የሚታሰር መከታተያ ከባሕር ውስጥ በምን ይልካል? ለተማሪዎቼ እንዴት ላሳያቸው?

መምህር ከሳቢያን፦
ሰላም ለሁላችሁ። ድሬዳዋ ባዮሎጂ አስተምራለሁ። ስለ ዌል ሻርክ ስናወራ፣ ዓሣው ላይ መሣሪያ አስረው የሚሄድበትን ይከታተላሉ አልኳቸው። አንዷ ተማሪ እጇን አወጣችና «ባሕር ውስጥ ኔትወርክ አለ እንዴ?» አለችኝ። ሰኞ እመልስልሻለሁ ብያታለሁ። ቤተ ሙከራችን ባዶ ነው። በቀላል ዕቃ የሚታይ ነገር ያላችሁ እርዱኝ።

ታጁራ፦
ልጅቷ ልክ ናት፣ የለም። ጨዋማ ውሃ የሬዲዮ ሞገድን ይውጠዋል። ዌል ሻርክ ወደ ላይ ብቅ ስለሚል፣ ክንፉ ላይ ያለው መሣሪያ አየር ሲያገኝ ለሳተላይት ይልካል። ጥልቁን ለሚወዱት እንደ ቱና ላሉት ግን ሌላ ዘዴ አለ። መሣሪያው ጥልቀት፣ ሙቀትና ብርሃን ይመዘግባል። የተቀጠረለት ቀን ሲደርስ ከዓሣው ተላቆ ይንሳፈፋል፤ ያጠራቀመውን ያኔ ይልካል። በ2003 እ.ኤ.አ. እንዲህ ያለ መሣሪያ የተደረገላት ነጭ ሻርክ ከደቡብ አፍሪካ ተነስታ በ99 ቀን አውስትራሊያ ደርሳለች፤ ከ11 ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ነው። በቀጣዩ ዓመት ተመልሳ ደቡብ አፍሪካ ታየች። የታወቀችው በክንፏ ፎቶ ነው።

ሬዲዮ ጠጋኝ፣ ከዚራ፦
አቦ መምህር፣ ይሄማ በባልዲ ይታያል! 20 ሊትር የፕላስቲክ ባልዲ ፈልግ። ብረት አይሁን፣ ብረት ራሱ ሞገድ ይከለክላል። አሮጌ ስልክ በሁለት ፌስታል አየሩን አስወጥተህ ጥብቅ አድርገህ እሰር። ድንጋይ ጨምርበት፣ አለዚያ ይንሳፈፋል። መጀመሪያ በቧንቧ ውሃ አስጥመህ ደውል፤ ብዙ ጊዜ ይጠራል። ከዚያ 700 ግራም ጨው አሟሟበት፤ ባሕር በሊትር 35 ግራም ገደማ አለው። ጥቂት ደቂቃ ቆይተህ ደግመህ ሞክር።

የሐረር እህት፦
ብርሃን የተባለው እንዲሁ አይለፍ፤ ቦታውን የሚነግረን እሱ ነው። ፀሐይ ከወጣችበት እስከ ጠለቀችበት ያለው መሃል የዓሣው እኩለ ቀን ነው። በሁለት ቦታዎች እኩለ ቀን መሃል 4 ደቂቃ ልዩነት በኬንትሮስ 1 ዲግሪ ማለት ነው። መምህር፣ ግቢ ውስጥ ዱላ ይትከሉ። ጠዋት 4 ሰዓት ላይ የጥላውን ርዝመት ይለኩ። ከሰዓት ያንኑ ርዝመት ሲደርስ ሰዓቱን ይያዙ። የሁለቱ መሃል እኩለ ቀን ነው። አዲስ አበባ ያለ ወዳጅዎ በዚያው ቀን ይህንኑ ያድርግ። ድሬ 12 ደቂቃ ያህል ትቀድማለች። የቀኑ ርዝመት ደግሞ ኬክሮስን ያሳያል፤ መስከረምና መጋቢት ላይ ቀንና ሌሊት እኩል ሲሆኑ ግን ያሳስታል።

መምህር ከሳቢያን፦
እግዜር ይስጥልኝ! ዛሬ ሞከርነው። በቧንቧ ውሃ ስልኩ እየተንቀጠቀጠ ጠራ፤ ውሃው ላይ ትንንሽ ክቦች ታዩ። ጨው ስንጨምር «ማግኘት አይቻልም» አለን። አንዱ ልጅ ጣቱን ነክሮ ቀመሰና «ጅቡቲ ነው» አለ። የዱላውን ለቅዳሜ ይዘናል። ያቺ ልጅ አሁን ደግሞ «ዓሣውን አይከብደውም?» ትላለች።

ታጁራ፦
ጎበዝ ናት፣ በርቺ በላት። የተለመደው ልክ፣ መሣሪያው ከዓሣው ክብደት 2 በመቶ እንዳይበልጥ ነው። ለአንድ ኪሎ ዓሣ 20 ግራም መሆኑ ነው። ለትንንሾቹ ድምፅ የሚሰጥ መሣሪያ ሆዳቸው ውስጥ ተቀብሮ ይሰፋል። ዓሣው በጥቂት መቶ ሜትር ርቀት ሲያልፍ ባሕር ውስጥ የተተከለ መቀበያ ይሰማዋል። ጨው ሬዲዮን ቢውጥም ድምፅን አያቆመውም።