ልጄ ብስክሌቱን አያስነካም፣ ከጎረቤት ልቀያየም ነው

የቆጪዋ እናት፦ ሰላም ናችሁ? ጅማ፣ ቆጪ አካባቢ ነው የምንኖረው፤ ግቢው ውስጥ አራት ቤተሰብ ነን። ልጄ በቅርቡ 4 ዓመት ይሞላዋል። አባቱ ባለ ሦስት ጎማ ብስክሌት ከገዛለት ቀን ጀምሮ ሰላም የለንም። ሌላ ልጅ መሪውን ከነካ መሬት ላይ ተንጋሎ ይጮሃል። ቅዳሜ ቡና አፍልቼ ጎረቤቶቼን ጠርቼ ነበር፤ የአንዷ ልጅ፣ ገና 2 ዓመት ተኩሏ ነው፣ ብስክሌቱ ላይ ልትወጣ ስትል እጇን ነከሳት። የጥርሱ ምልክት ቁጭ ብሏል። እኔም አፍሬ ብስክሌቱን ቀማሁትና ለሷ ሰጠኋት። እሱ ለቅሶውን አቀለጠው፣ እሷም ፈርታ አልወጣችበት፣ እኛም በረካ ሳይደርስ አቦል ላይ ተበተንን። እናቷ "ምንም አይደል" ብትለኝም ፊቷ ልክ አልነበረም። የሚገርመኝ ደግሞ ልጁ ምግብ ላይ ስስት የለበትም፣ የመጣውን ሁሉ ያጎርሳል። ምን ላድርግ?

አዌቱ ማዶ፦ እኛ ልጅ ሆነን ለሰፈሩ ሁሉ አንድ የካልሲ ኳስ ነበረችን፤ "የኔ ነው" የሚል አልነበረም። የዛሬ ልጅ ሁሉም ነገር ለብቻው ስለሚገዛለት ነው እንዲህ የሚሆነው። ለአንድ ሳምንት ቁም ሳጥን ላይ ስቀይበት፣ ልክ ይገባል።

ኬጂ አስተማሪ፦ ጋሼ፣ በዚያች የካልሲ ኳስ ስንቴ ተደባድባችኋል? እውነቱን ይናገሩ እንጂ 😄

እህቴ፣ ልጅሽ ስስታም አይደለም። ዳቦ ሲቆረስ የራሱ ድርሻ እጁ ላይ ይቀራል፤ ብስክሌት ግን አይቆረስም። "አካፍል" ስትይው እሱ የሚሰማው "ስጥና ባዶህን ቅር" ነው። ቀምተሽ ስትሰጪበት ደግሞ የፈራው ደረሰበት፤ ጉልበት ያለው ይወስዳል የሚለውንም ካንቺ አየ። ትንሿ ልጅ ጋ ጭራሽ አትድከሚ። በሷ ዕድሜ ያሉ ልጆች ጎን ለጎን ነው የሚጫወቱት፣ "ቆይ ይደርስሻል" ብትያት አይገባትም። ያንቺው ልጅ ግን ተራ መጠበቅ ሊማር ይችላል፣ ተራው የት እንደሚያልቅ በዓይኑ ካየ። 5 ደቂቃ አትበይው፣ 5 ደቂቃን ከየት ያውቀዋል? "እስከ በሩ ደርሶ መመለስ" በይው። መጀመሪያ ሰው ሳይኖር ካንቺ ጋር ይልመደው፤ አንዴ እሱ፣ አንዴ አንቺ እየገፋሽ። እንግዳ ከመምጣቱ በፊትም ማንም እንዲነካበት የማይፈልገውን አንድ ዕቃ ራሱ ይምረጥና ደብቁት። ሲነክስ ግን ቁጣውን ትተሽ መጀመሪያ የተነከሰችውን እቀፊያት። ለሱ "ያማል፣ አይነከስም" ይበቃዋል። ረጅም ምክር በዚያ ሰዓት አይሰማም።

የሦስት ልጆች አባት፦ እኛ ቤት የሠራው ባጃጅ ጨዋታ ነው። አንዱ ሹፌር ይሆናል፣ ሌላው ተሳፋሪ ሆኖ ሂሳብ በቆርኪ ይከፍላል፣ ትልቋን ተራ አስከባሪ አደረግናት። አንድ ሳምንት ሰላም ሆነ። ከዚያ ተራ አስከባሪ ካልሆንኩ ብለው መጣላት ጀመሩ። በነገራችን ላይ ቁም ሳጥን ላይ መስቀሉን እኔም ሞክሬዋለሁ፤ ወንበር ደርድሮ ሲወጣ ነው የያዝኩት፣ እንዳትሞክሪው።

የቆጪዋ እናት፦ ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ዛሬ ዝናቡ ሲያባራ ልጅቷንና እናቷን ጠራኋቸው። እስከ በሩ ደርሶ መመለስ ነው አልኩት፣ እሺ አለ። ነድቶ በሩ ጋ ደረሰና እዚያው ቆመ። "ና እንጂ ተመለስ" ስለው "ካልተመለስኩ ተራዬ አላለቀም" አይለኝም! ጎረቤቴ ከቅዳሜ ወዲህ ገና አሁን ሳቀች።