አልጋርቬን በካምፐር ቫን፦ ባሕር ለናፈቀ ባልና ዋና ለማትችል ሚስት የቱ ጋ ይሻላል?

የመስከረም አደይ፦

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። ምክር ፈልጌ ነው።

እኔና ባለቤቴ የምንኖረው ኑርንበርግ ነው። ዘንድሮ እንቁጣጣሽን ፖርቱጋል ልናሳልፍ አስበናል፤ ደቡቡ ላይ፣ አልጋርቬ በሚባለው የባሕር ዳርቻ። ሆቴል አንፈልግም። ካምፐር ቫን (መኝታና ማብሰያ ያለው መኪና) ተከራይተን፣ ጠዋት በሩን ስንከፍት ባሕር ብናይ ነው ምኞታችን።

ባለቤቴ አሰብ ተወልዶ ያደገ ነው። ልጅ ሆኖ ከወጣ ወዲህ ደህና ባሕር ውስጥ ገብቶ አያውቅም። አንዴ ሰሜን ባሕር ይዤው ሄድኩ። እግሩን ነክሮ ወጣና «ይሄ ባሕር አይደለም» አለኝ። እኔ ደግሞ የደብረ ብርሃን ልጅ ነኝ። ዋና አልችልም፤ ማዕበል ሲመጣ ወደ ኋላ ነው የምሸሸው። ለሁለታችንም የሚሆን ቦታ እፈልጋለሁ።

ከጀርመን እየነዱ መሄድ ይሻላል ወይስ ፋሮ በአውሮፕላን ሄዶ እዚያ መከራየት? ባሕሩ ዳር አቁሞ ማደር ይፈቀዳል? ረቡዕና ዓርብ እንጾማለን፤ ምግብ አያስቸግርም? ጀበናዬንም እይዛለሁ። ቡና ሳላፈላ አዲስ ዓመት አይሆንልኝም።

የኮለኟ፦

እህቴ፣ እንኳን ጠየቅሽ። እኔና ባለቤቴ አልጋርቬን በካምፐር ደጋግመን ሄደንበታል፤ የማውቀውን ልንገርሽ።

ጥያቄሽን ሳነብ መጀመሪያ ያሳሰበኝ ባልሽ ነው። ብዙ ሰው አልጋርቬ ሲባል ወደ ላጎሽ ከተማና ከዚያ ወደ ምዕራብ ነው የሚሮጠው፤ ያማረው ፎቶ የሚነሳው እዚያ ነዋ። ወርቅማ ገደሉ፣ ዋሻው፣ ባሕር ውስጥ የቆመው ዓለት፣ እውነትም ዓይን አይጠግበውም። ውኃው ግን ቀዝቃዛ ነው። በጋውን ሙሉ ከሰሜን የሚነፍሰው ነፋስ የላይኛውን ውኃ ወደ ውቅያኖሱ ይገፋዋል። በእሱ ፈንታ ከጥልቁ ቀዝቃዛው ይወጣል። ነሐሴ ላይ እንኳ ምዕራቡ ዳርቻ 18 ዲግሪ አካባቢ ነው። ባልሽ እዚያ ከገባ ያንኑ ቃል ደግሞ ይነግርሻል።

ምሥራቁ ሌላ ነው። ከታቪራ እስከ ሞንቴ ጎርዱ፣ ማለትም እስከ ስፔን ድንበር ድረስ፣ በእንቁጣጣሽ ሰሞን ባሕሩ 22 እና 23 ዲግሪ ይደርሳል። ሌቫንቴ የሚሉት የምሥራቅ ነፋስ ሲመጣ ደግሞ ይብስ ይሞቃል። ቀይ ባሕርን አያክልም፤ ይህን ከአሁኑ ንገሪው። ግን ገብቶ የሚቆይበት ውኃ ነው።

ለአንቺም ምሥራቁ ይሻልሻል። ሪያ ፎርሞዛ የሚባል 60 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚረዝም ረግረግና የባሕር ኩሬ አለ። ፊት ለፊቱ የአሸዋ ደሴቶች ተደርድረው አትላንቲክን ይከለክሉታል፤ ከኋላቸው ያለው ውኃ ጸጥ ያለ ነው። ካሴላ ቬልያ ሂዱ። ኮረብታ ላይ ያለች ትንሽ መንደር ናት፤ ነጭ ቤተ ክርስቲያንና አሮጌ ምሽግ አላት። ባሕሩ ሲጎድል ከሥሯ ያለው ውኃ ጉልበት ድረስ ይሆናል። ሰው ጫማውን በእጁ ይዞ በእግሩ ወደ አሸዋው ደሴት ይሻገራል። አንቺም ትሻገሪያለሽ። ግን እባክሽ የባሕሩን ሰዓት ሳታዩ እንዳትገቡ። በቀን ሁለቴ ይሞላል፣ ሁለቴ ይጎድላል። ሲመለስ ጅረቱ ኃይለኛ ነው፤ ለማይዋኝ ሰው ቀልድ አይደለም።

ባሪልንም እንዳታልፉት። ከታቪራ ትንሽ ወጣ ብሎ ነው። በረግረጉ ላይ በእግር መሄድ ይቻላል፤ ትንሽ ባቡርም አለች። እዚያ አሸዋው ላይ ብዙ መልሕቅ ተደርድሮ ታገኛላችሁ፣ በረድፍ በረድፍ፣ ሁሉም ዝጎ ቀይ የሆነ። ቱና አሳ የሚጠመድበትን ትልቅ መረብ ከባሕሩ ወለል ጋር ይይዙ የነበሩ ናቸው። አሳው እየጠፋ ሲሄድ ሥራው ቆመና መልሕቁ እዚያው ቀረ። አጠገቡ ስትደርሺ አንዱን ዳብሺው፤ ዝገቱ እንደ ቅርፊት እየተላጠ እጅሽ ላይ ይቀራል። ባለቤቴ እዚያ ቦታ ላይ ከእኔ ተለይቶ ብዙ ቆመ። የወደብ ልጅ ደግሞ ምን እንደሚሰማው አስቢው።

ማደሪያውን በተመለከተ፣ ፎቶ ላይ የምታዩት ገደል አፋፍ ላይ የቆመ ካምፐር ብዙ ጊዜ ሕግ የጣሰ ነው። በ2021 (እ.ኤ.አ.) የወጣው ሕግ ከተከለከሉ ቦታዎች ውጭ በአንድ ወረዳ እስከ 48 ሰዓት ማደር ይፈቅዳል። ነገር ግን በተፈጥሮ ጥበቃ ክልልና በባሕር ዳርቻው ይዞታ ውስጥ፣ ለካምፐር ከተመደበ ቦታ ውጭ ማደር ክልክል ነው። አልጋርቬ ላይ ደግሞ ያማረው ዳርቻ አብዛኛው ጥበቃ ክልል ነው። ምዕራቡ ከቡርጋው ጀምሮ ወደ ሰሜን ሙሉ በሙሉ ፓርክ ነው ማለት ይቻላል። ፖሊስ ማታም ይዞራል፤ ቅጣቱም ቀላል አይደለም። ስለዚህ መጀመሪያ ማደሪያችሁን ያዙ፣ የቀን ጉዟችሁን በእሱ ዙሪያ አድርጉ። ለካምፐር የተዘጋጁ ማደሪያዎች በየከተማው አሉ። ውኃ ትሞላላችሁ፣ የሽንት ቤቱን ካሴት (ማጠራቀሚያ ሳጥኑን) ትደፋላችሁ፣ ኤሌክትሪክም አለ። ባሕሩ በር ላይ ባይሆንም በእግር የሚደረስበት ይገኛል።

ወደ ምዕራብ አንድ ቀን ብትሄዱ ግን ላጎሽ ላይ ውረዱ። የምላችሁ ለገደሉ ብቻ አይደለም። በ1444 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) 235 አፍሪካውያን ምርኮኞች በመርከብ መጥተው እዚያች ከተማ ተራግፈዋል። የፖርቱጋሉ ልዑል ሄንሪ ፈረሱ ላይ ሆኖ አንድ አምስተኛውን ድርሻ ወሰደ። እናት ከልጅ፣ ባል ከሚስት ሲለያይ የዘመኑ ታሪክ ጸሐፊ አይቶ ጽፎታል። ዛሬ ትንሽ የባሪያ ገበያ ሙዚየም አለ። በ2009 (እ.ኤ.አ.) ደግሞ ከከተማው ግንብ ውጭ የመሬት ውስጥ መኪና ማቆሚያ ሊሠራ ሲቆፈር ከ150 በላይ አፍሪካውያን አጽም ወጣ። የተጣሉት የከተማው ቆሻሻ መጣያ ውስጥ ነበር።

እኛ ትምህርት ቤት ስለ ፖርቱጋላዊው ክሪስቶቮ ዳ ጋማ ተምረናል። በ1541 (እ.ኤ.አ.) ከ400 ሰዎች ጋር ምጽዋ ወርዶ ለእኛ ንጉሥ ሲዋጋ ተማርኮ እንደተገደለ። ይህ እውነት ነው፤ ሊረሳም አይገባም። ላጎሽ ላይ የተደረገውን ግን ማንም አላስተማረኝም። ከዋናና ከፀሐይ ሰዓታችሁ ላይ ቀንሳችሁ ያንን ሙዚየም ግቡ።

ሹፌሩ ከሮተርዳም፦

ሰላም እህቶቼ። ሥራዬ ከባድ መኪና ነው፤ ወደ ስፔንና ፖርቱጋል እመላለሳለሁ። የኮለኟ ያለችው ላይ የመንገዱን ልጨምር።

ፋሮ በርራችሁ እዚያው ተከራዩ። ከኑርንበርግ ከ2,400 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ነዳጁ፣ የፈረንሳይ የመንገድ ክፍያው፣ ድካሙ ሲደመር ዕረፍታችሁን መንገድ ላይ ነው የምትጨርሱት። ረጅም ፈቃድ ያለው ሰው ይንዳ፤ እናንተ ግን ተዉት።

ከ3,500 ኪሎ የማይበልጥ ቫን በቢ መንጃ ፈቃድ ይነዳል። ቁመቱን ግን አትርሱ። ውስጡ ቆሞ የሚያስኬደው የዱካቶ ዓይነት ከ2.5 ሜትር በላይ ነው። ብዙ የባሕር ዳር ፓርኪንግ መግቢያው ላይ የብረት አግዳሚ አለው፤ የሚያሳልፈው የቤት መኪና ብቻ ነው። ቁመታችሁን ወረቀት ላይ ጽፋችሁ መሪው አጠገብ ለጥፉ። ታቪራና ኦልያው ውስጥ ስልኩ ወደ ጠባቡ መንደር ሊያስገባችሁ ይችላል። ጫፍ ላይ አቁማችሁ በእግር ግቡ።

ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ኤ22 የሚባለው አውራ ጎዳና ከጥር 2025 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ነፃ ሆኗል፤ በፊት ይከፈልበት ነበር። ኤን125 በየመንደሩ ያልፋል፤ አደባባዩ ብዙ ነው፣ ቀስ ያለ ነው። ጊዜ ካላችሁ በእሱ ሂዱ፣ የብርቱካኑን እርሻ ታዩበታላችሁ። ስትነዱ የጋዙን ሲሊንደር ዝጉ። ባሕር ዳር አቁማችሁ ስትወርዱ ቦርሳና ስልክ በመስኮት የሚታይ ቦታ አትተዉ።

ወንድሜ የኢትዮጵያ ፓስፖርት ከሆነ የያዘው፣ ፓስፖርቱንና የጀርመን መኖሪያ ፈቃዱን ሁለቱንም በእጁ ይያዝ። ጊዜያቸው ያላለፈ ከሆነ ለአጭር ጉዞ ሌላ ቪዛ አያስፈልገውም።

ነፋሻማው፦

ምክሩ ጥሩ ነው፤ ምዕራቡን ግን እንዲህ አትግፉት። ኦዴሴሽ የሚባል ቦታ አለ፤ ወንዝ ወደ ባሕር የሚገባበት። በአንድ በኩል አትላንቲክ ይጮሃል፤ በሌላ በኩል ወንዙ አሸዋው ላይ ጠምዘዝ ብሎ በጸጥታ ይፈሳል። ባሕሩ ሲጎድል ጥልቀቱ ትንሽ ነው፤ ሕፃናት የሚጫወቱት እዚያ ነው። ዋና የማትችል ሰው ወንዙ ውስጥ ትቀመጣለች፣ ባሏ ባሕሩን ይሞክራል። ከዚያ ወደ ሰሜን ስትወጡ ካቦ ሳርዳው ላይ ሽመላ ባሕር ውስጥ በቆመ ዓለት ጫፍ ላይ ጎጆ ይሠራል። በመስከረም ወፎቹን ላታገኙ ትችላላችሁ፤ ጎጆው ግን አለ። እኔ ከአልጋርቬ ሁሉ አንድ ቦታ ምረጥ ብባል ምዕራቡን ነው።

የመስከረም አደይ፦

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ሁላችሁንም። ለባለቤቴ አነበብኩለት። የመልሕቁ ጋ ስደርስ «ድገሚው» አለኝ። ስለዚህ ማደሪያችን ታቪራ ዙሪያ ይሆናል። አንድ ቀን ላጎሽ፣ ከተመቸን ኦዴሴሽ። ቤናጂል ዋሻ ግን እዋኛለሁ ብሎ ተነስቷል፤ ይቻላል? የምግቡንና የቡናውን ነገር ደግሞ ማንም አልመለሰልኝም።

የኮለኟ፦

ቤናጂል አሁን እየዋኙ መግባት ተከልክሏል፤ ዋሻው ውስጥ ያለው አሸዋ ላይ መውረድም አይቻልም። በጀልባ ወይም ከአስጎብኚ ጋር በካያክ ነው። በጀልባው ሂዱ፤ አንቺም አብረሽ ታዪዋለሽ።

ጀበናሽን ያዢ፣ ከሰል ግን ተዪ። ፖርቱጋል በበጋ ሰደድ እሳት ያሠጋታል፤ በ2018 (እ.ኤ.አ.) ሞንቺኬ የሚባለው ተራራ ስንት ቀን ነዷል። ውጭ እሳት ማንደድ የሚከለከልበት ጊዜ ስለሆነ በቫኑ ጋዝ አፍዪው። ቡናውንም ቆልተሽ ሂጂ፤ ቫን ውስጥ ከተቆላ ጭሱ አልጋ ልብሱ ውስጥ ገብቶ አይወጣም። ቄጤማ ብለሽ አሸዋው ክምር ላይ የበቀለውን ሣር እንዳትነቅዪ። አሸዋውን የያዘው እሱ ነው፤ የተጠበቀም ነው። ከገበያ አበባ ግዢ።

ለጾም ቀን ሽሮ ይዘሽ ሂጂ፤ በትንሿ ምድጃ ፈጥና ትደርሳለች። ሽምብራው፣ ቲማቲሙ፣ የወይራ ዘይቱ፣ ዳቦው ሞልቷል፤ በለሱም በወቅቱ ነው። ምግብ ቤት ስትገቡ ግን ጠይቁ። አትክልት ሾርባ ብለው የሚያቀርቡት ውስጥ የአሳማ ቋሊማ ጣል ያደርጋሉ። ካታፕላና የሚሉት በመዳብ ድስት የሚሠራው ወጥም ብዙ ጊዜ ዛጎል ያለበት ነው፤ አንዳንዴ አሳማም ይገባበታል። እኛ ሁልጊዜ የምናዘው ሙሉ አሳ ጥብስ ነው፤ ሳርዲን ወይም ዶራዳ፣ በጨውና በሎሚ ብቻ።

አሳውን ራሳችሁ ልትጠብሱ ካሰባችሁ ኦልያው ገበያ ሂዱ። ውኃው ዳር ሁለት ቀይ የጡብ ሕንፃ ነው፤ አንዱ አሳ፣ ሌላው ፍራፍሬና አትክልት። ቅዳሜ ጠዋት ገበሬዎቹ ውጭ ድረስ ይዘረጋሉ። እሑድ ዝግ ነው። በጊዜ ድረሱ፤ ከረፈደ ጥሩ ጥሩው አሳ ያልቃል።