ለአባቴ አምፕሊፋየር የትኛው ቲዩብ ይሻላል?

ሰላም ወገኖች፣ ጎንደር ነኝ፣ ግራ ገብቶኛል። ከአባቴ የወረስኩት ባለ ቲዩብ (አምፖል መሰል የመስታወት ማጉያ ክፍል) አምፕሊፋየር በግራ በኩል እንደ ዝናብ ይንሿሿል። ሁለቱን ትንንሽ 12ኤኤክስ7 ቲዩቦች አጥፍቼ፣ አቀዝቅዤ ቦታ ሳቀያይራቸው ሿሿታው ወደ ቀኝ ዞረ፣ ስለዚህ ችግሩ ቲዩቡ ነው። ፒያሳን ዞርኩ፣ የለም። አዲስ አበባ ያለው ወንድሜ ያገኘው 12ኤዩ7 እና የሩሲያውን 6ኤን2ፒ ነው። የመጀመሪያው እግሩ ይገጥማል፣ ግን የማጉላት አቅሙ ከ100 ወደ 20 አካባቢ ስለሚወርድ ድምፁ እንዳይደክም ፈራሁ። ሁለተኛው በማጉላት ይቀራረባል፣ የማሞቂያው እግሮች ግን ስለሚለያዩ ሽቦ ሳይቀየር አይሰካም። ይህን ሽቦ ራሱ የቀየረ አለ? ወይስ ታግሼ ትክክለኛውን ኢሲሲ83 (የ12ኤኤክስ7 ሌላ ስሙ ነው) ከውጭ ላስመጣ? የግራና የቀኙን ቲዩቦች ሁለቱንም አንድ ላይ መቀየርስ ግድ ነው? እናቴ ይህን ድምፅ ስትሰማ አባቴ ቤት የገባ ይመስላታል፣ እባካችሁ እንዳላበላሸው እርዱኝ።