ለዴልሂው ቃለ መጠይቅ አጭር የሰምና ወርቅ ምሳሌ እፈልጋለሁ

አባቴ በመምህርነት በመጣበት በአዲስ አበባ ያደግሁ ሕንዳዊ ነኝ። የሕንድን ሲቪል ሰርቪስ የጽሑፍ ፈተና አልፌ፣ አሁን የቀረኝ ኒው ዴልሂ በሚገኘው ዶልፑር ሃውስ የሚካሄደውና ከጠቅላላው 2025 ነጥብ 275ቱን የያዘው የስብዕና ቃለ መጠይቅ ነው። ጠያቂዎቹ ብዙውን ጊዜ ከአመልካቹ ዝርዝር ማመልከቻ ስለሚነሡ፣ በትርፍ ጊዜ ማሳለፊያ ረድፍ «የአማርኛ ቅኔ» ብዬ መጻፌ (ያን ጊዜ ብልህነት መስሎኝ ነበር) እንቅልፍ ነሥቶኛል። በልምምድ ላይ አንድ አስጠኚ «ሰምና ወርቅ ለአውራጃ አስተዳዳሪ ምን ይፈይዳል?» ሲለኝ፣ የያዝኩት የውኃ ብርጭቆ እየተንቀጠቀጠ ዝም አልኩ። ሕዝብ ቅሬታውን ሁልጊዜ በግልጽ ስለማይናገር ከሰሙ ሥር ወርቁን መፈለግ የአስተዳዳሪ ሥራ ነው ብል፣ የተሸመደደ መልስ ይመስልብኝ ይሆን? ቅኔ የምታውቁ ወንድሞችና እህቶች፣ ወደ እንግሊዝኛ ተተርጉሞ በአንድ ደቂቃ የሚገባ ምሳሌ ብትጠቁሙኝ ውለታችሁን አልረሳም።