አዲስ የታደሰ 4ኤ-ጂኢ ሞተር፦ ሮዳጁና የኮምፒውተር ማስተካከያው በአዲስ አበባ ከፍታ

ጥያቄ (ከአዲስ አበባ)

ጤና ይስጥልኝ፣ የተከበራችሁ አባላት። በኮሮላ ዲኤክስ መኪናዬ ላይ ባለ 16 ቫልቭ የቶዮታ 4ኤ-ጂኢ ሞተር ተገጥሞ ሥራው ወደ ማለቂያው ደርሷል። ሲሊንደሮቹ በግማሽ ሚሊ ሜትር ሰፍተው አዲስ ፒስተንና ፋሻ (የፒስተን ቀለበት) ገብቶላቸዋል፤ ብሮንዚኖቹ (የክራንኩ መቀመጫዎች) በሙሉ ተቀይረዋል፤ ቴስታታውም (የሞተሩ ራስ) ተስተካክሏል። የፋብሪካው ኮምፒውተር ወጥቶ በላፕቶፕ የሚስተካከል፣ አየሩን በማፕ ሴንሰር (ወደ ሞተሩ የሚገባውን አየር ግፊት በሚያነብ መለኪያ) የሚለካ ሌላ ኮምፒውተር ስለገባ፣ ሞተሩ ለጊዜው የሚሠራው ሻጩ በጫነለት መነሻ ሰንጠረዥ (ለየአየር ግፊቱና ለየዙሩ የነዳጁና የእሳቱ ቁጥር በተጻፈበት) ነው።

እስካሁን ለጥቂት ደቂቃ ብቻ አስነሥተን አጥፍተነዋል። ጭሱ የቤንዚን ሽታ ይበዛዋል፤ ካንዴላዎቹም ሲወጡ ጥቁርና እርጥብ ነበሩ። ኮምፕሬሽን ሲለካ አራቱም ሲሊንደሮች ከ136 እስከ 140 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ አሃድ) አሳዩ። መመሪያው ወደ 180 የሚጠጋ ቁጥር ስለሚጠይቅ፣ አንድ ወዳጄ ፋሻዎቹ በትክክል አልገቡም፣ ሞተሩ እንደገና ይውረድ ይላል። ሞተሩን የሠራልኝ ባለሙያ ደግሞ ግማሽ ቀን በሚኒሞ (ፔዳል ሳይረገጥ) እንዲሠራ ከተውኩት በኋላ እስከ 1000 ኪሎ ሜትር ድረስ በሰዓት ከ60 ኪሎ ሜትር በላይ እንዳልነዳው መክሮኛል። እኔ ለሮዳጁ (አዲሱን ሞተር ለማለማመድ) ያሰብኩት የአዳማን መንገድ ነው። ሞተሩ መውረድ አለበት ወይ? ሮዳጁስ እንዴት ይሁን? ኮምፒውተሩ የሚስተካከለው ከሮዳጁ በፊት ነው ወይስ በኋላ?

መልስ (የሞተር ባለሙያ፣ አዲስ አበባ)

ወንድሜ፣ ሞተሩን አያውርዱት። ኮምፕሬሽን መለኪያ የሚያሳየው ሲሊንደሩ ከውጭ የሳበውን አየር ጨምቆ የደረሰበትን ግፊት ስለሆነ፣ የሚሳበው አየር በሳሳ መጠን ቁጥሩም አብሮ ይወርዳል። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2350 ሜትር ላይ ስለምትገኝ፣ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። በባሕር ጠለል 180 የሚያሳይ ጤነኛ ሞተር እዚህ ከ135 እስከ 140 ማሳየቱ የሚጠበቅ ነው፤ የእርስዎ ሞተር ደግሞ ፋሻው ገና ሳይቀመጥ እዚያ ደርሷል። ይህን ባለማስተዋል ያለ ጥፋታቸው የወረዱ ሞተሮችን ማየት እጅግ ያሳዝነኛል። ከመመሪያው ቁጥር ይልቅ በሲሊንደሮቹ መካከል ያለውን ልዩነት ይመልከቱ፤ የእርስዎ ልዩነት 4 ፒኤስአይ ብቻ ስለሆነ በጣም ጥሩ ነው። ለወደፊቱ ሲለኩ ሞተሩ ሞቆ፣ አራቱም ካንዴላዎች ወጥተው፣ ነዳጁ ተቋርጦ፣ የነዳጅ ፔዳሉም እስከ መጨረሻው ተረግጦ ይሁን።

ግማሽ ቀን በሚኒሞ የሚለውን ምክር ግን አልስማማበትም። ፋሻ ከሲሊንደሩ ግድግዳ ጋር የሚጣበቀው በራሱ የመለጠጥ ኃይል ብቻ አይደለም፤ ነዳጁ ሲቃጠል የሚፈጠረው ግፊት ከፋሻው ጀርባ ገብቶ ወደ ግድግዳው ይገፋዋል። ሆኒንግ (የሲሊንደሩን ግድግዳ በድንጋይ መሞረድ) ሲሠራ የቀሩት የተጠላለፉ ጭረቶች ሹል ጫፋቸው ተልጎ ከፋሻው ጋር የሚስማማው በዚህ ግፊት ነው፤ ለዚህም ያለው ጊዜ አጭር ነው። ሞተሩ ያለ ጭነት ለረጅም ሰዓት ከሠራ ግፊቱ ስለሚያንስ፣ ፋሻው ያልጠረገው ዘይት ጭረቶቹ ላይ እየተቃጠለ ግድግዳውን እንደ መስታወት ያለሰልሰዋል። ከዚያ በኋላ ሞተሩ ዘይት መብላቱን አይተውም፤ መፍትሔውም አውርዶ እንደገና ሆኒንግ ማድረግ ብቻ ይሆናል።

ስለዚህ ከሁሉ በፊት የዘይት ግፊት ያረጋግጡ፤ ካንዴላዎቹን አውጥተው፣ የኢንጀክተሮቹንና (ነዳጅ የሚረጩት) የቦቢናውን (ለካንዴላ እሳት የሚሰጠው) ሶኬት ነቅለው፣ ጌጁ ግፊት እስኪያሳይ ድረስ በሞተሪኖ (በማስነሻው) ያዙሩት። ሞተሩ ተነሥቶ፣ ዘይትና ውኃ የሚያፈስ ነገር አለመኖሩ ታይቶ፣ ሙቀቱ ከተስተካከለ በኋላ ወዲያውኑ ወደ መንገድ ይውጣ። በ3ኛ ማርሽ ከ2500 ዙር ተነሥተው ፔዳሉን ከግማሽ እስከ ሦስት አራተኛ ረግጠው እስከ 4500 ያድርሱት፤ ከዚያ እግርዎን ሙሉ በሙሉ አንሥተው በዚያው ማርሽ ራሱን እየያዘ እስከ 2500 ይውረድ። እግርዎን ሲያነሡ በሲሊንደሩ ውስጥ የሚፈጠረው ስበት ትንሽ ዘይት ወደ ላይ አምጥቶ ፋሻውን ያቀዘቅዛል፤ የተላገውን ብናኝም ያጥባል። ይህን እየደጋገሙ፣ በመካከል በዝግታ እየነዱ ሞተሩን ያሳርፉት። በአንድ ዓይነት ዙር ረጅም መንገድ መሄድ ግን አይገባም። የሚፈለገው ጭነት እንጂ ፍጥነት ስላልሆነ ዳገት ካገኙ ከሕግ ውጪ መፍጠን አያስፈልግዎትም።

ዘይቱ ተራ ሚኒራል ይሁን፤ ሲንተቲክ ለጊዜው ይቆይ። ከመጀመሪያው 50 ወይም 100 ኪሎ ሜትር በኋላ ዘይቱንና ፊልትሮውን ይቀይሩ፤ ከዚያም በ500 ይድገሙት። አሮጌውን ፊልትሮ ቆርጠው ወረቀቱን ዘርግተው ይመልከቱ። ደቃቅ ግራጫ ብናኝ የተለመደ ነው፤ በብርሃን ፊት የሚያብረቀርቅ ቅርፊት ወይም መዳብ የሚመስል ቀለም ካለ ግን ብሮንዚን እየተበላ ስለሆነ ሞተሩን ያቁሙ።

መልስ (ሞተር አስተካካይ፣ አውሮራ፣ ኮሎራዶ)

በወንድማችን መልስ እስማማለሁ። እኔን ይበልጥ ያሳሰበኝ እርጥብ ካንዴላው ነው። ያልተቃጠለ ቤንዚን ከሲሊንደሩ ግድግዳ ላይ ዘይቱን ያጥባል፤ በዚያ ሁኔታ ሮዳጅ ቢጀመር ፋሻውም ግድግዳውም ይጎዳሉ። ስለዚህ ለጥያቄዎ መልሱ ከፊሉ በፊት፣ ከፊሉ በኋላ ነው፦ ሚኒሞውና ቀላል ጭነቱ ከሮዳጁ በፊት መስተካከል አለባቸው፤ ሙሉ ፔዳልና ከፍተኛ ዙር ግን ፋሻው ከተቀመጠ በኋላ ይሁን። ቤንዚን ሳይቀላቀለው ስለማይቀር አሁን ያለውን ዘይትም አስቀድመው ይቀይሩት።

ብዙ ሰው የቤንዚኑን መብዛት በከፍታው ያመካኛል። ይህ ለካርቡራቶር እውነት ነው፤ ማፕ ሴንሰር ግን ፍጹማዊውን ግፊት ስለሚለካ የአየሩን መሳሳት በአብዛኛው ራሱ ያውቀዋል። ይልቁንም በኮምፒውተሩ ውስጥ የተጻፈው የኢንጀክተር መጠን ከተገጠመው ጋር አንድ መሆኑን፣ የነዳጁን ግፊት፣ እንዲሁም ለቀዝቃዛ ሞተር የሚጨመረው ነዳጅ ሲሞቅ መቆሙን ይመርምሩ። ዋይድባንድ ኦክስጅን ሴንሰር (ከጭሱ የአየርና የነዳጁን ምጥጥን የሚለካ) ሳይገጠም ምንም ቁጥር እንዳይነካ አደራ እላለሁ። የአየርና የነዳጁ ምጥጥን በዝግታ ሲነዳ 14 ተኩል ገደማ፣ በሙሉ ፔዳል ደግሞ ከ12 ተኩል እስከ 13 ቢሆን ለዚህ ሞተር ተስማሚ ነው። ታይሚንጉንም (ካንዴላው እሳት የሚሰጥበትን ጊዜ) በኮምፒውተሩ 10 ዲግሪ ላይ ቆልፈው በስትሮብ መብራት ፑሌጃው ላይ ያረጋግጡ፤ ምልክቱ ከተጻፈው ቁጥር ጋር ካልገጠመ ከዚያ በኋላ የሚሠራው ማስተካከያ ሁሉ የተሳሳተ ይሆናል።

ስለ አዳማ መንገድ አንድ ብርቱ ማሳሰቢያ አለኝ። በአዲስ አበባ ፔዳሉን እስከ መጨረሻ ቢረግጡም ማፕ ሴንሰሩ ከ76 ወይም ከ77 ኪሎ ፓስካል አያልፍም፤ ስለዚህ እዚያ የሚሠራ አስተካካይ ከዚያ በላይ ያሉትን የሰንጠረዡን ረድፎች በመንገድ ላይ ሊፈትናቸው አይችልም። አዳማ ሲደርሱ ሙሉ ፔዳል ወደ 83፣ አዋሽ ላይ ደግሞ ወደ 90 ይጠጋል። ሞተሩ ማንም ባልነካቸው ረድፎች ውስጥ ይገባል ማለት ነው። በሳሳ አየር ኖክ (ነዳጁ ያለ ጊዜው ፈንድቶ የሚያንኳኳው) ስለማይቀርብ ታይሚንጉን ወደ ፊት ማስኬድ ይቻላል፤ ያው ቁጥር ወደ ቆላው ሲወርድ ግን ፒስተን ሊሰብር ይችላል። እኛም ጋ ነገሩ አንድ ነው፤ ዴንቨር 1600 ሜትር ላይ ስለሆነች መደበኛው ቤንዚን 85 ኦክቴን (ኖክን የመቋቋም ደረጃ) ሲሆን፣ በቆላዎቹ ክፍለ ግዛቶች 87 ነው።

ተጨማሪ ጥያቄ (ጠያቂው)

ሁለታችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ታዲያ ያልተፈተኑት ረድፎች በምን ይሞሉ? ወደ አዳማ መውረድስ ፈጽሞ ይቅር?

መልስ (ከድሬዳዋ)

ከጥያቄው ትንሽ ብወጣም፣ ከመውረድዎ በፊት የራዲያተሩን ክዳን ይቀይሩት። በአዲስ አበባ ውኃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ስለሆነ፣ ግፊት የማይይዝ አሮጌ ክዳን ያለው ሞተር ቴርሞስታቱ በ82 ከተከፈተ በኋላ የሚቀረው ርቀት አጭር ነው። አዲስ ሞተር ውስጥ አየር ታፍኖ ስለሚቀርም የካሎሪፌሩን (የመኪናው ማሞቂያ) ቧንቧ ከፍተው፣ የመኪናውን አፍንጫ ዳገት ላይ አቁመው ያስተንፍሱት።

መልስ (ሞተር አስተካካዩ፣ አውሮራ)

ወደ አዳማ መውረዱ አይቅር፤ እንዲያውም ቁልቁለቱ ሞተሩ ራሱን እንዲይዝ፣ መመለሻው ዳገት ደግሞ ጭነት እንዲያገኝ ያደርጋልና ለሮዳጅ የተመቸ ነው። ከመውጣትዎ በፊት ግን ከ77 በላይ ያሉትን ረድፎች በግምት ይሙሏቸው። የነዳጁን ቁጥር ከተፈተነው የመጨረሻ ረድፍ በጥቂቱ ከፍ እያደረጉ ይቀጥሉ፤ ታይሚንጉን ደግሞ በየ10 ኪሎ ፓስካሉ ወደ 2 ዲግሪ ያህል ይቀንሱለት። እኔ ለጥንቃቄ የምጀምረው እንደዚህ ነው። የ76ን ረድፍ እንዳለ ገልብጦ እስከ 100 መሙላት ግን ሥራን ማሳጠር እንጂ ማስተካከል አይደለም፤ አስተካካዩ እንዲህ አድርጎ እንደሆነ ሰንጠረዡን ከፍተው በዓይንዎ ይዩ።

አንዳንድ ኮምፒውተሮች የውጭውን ግፊት የሚያነቡት ቁልፉ ሲከፈት ብቻ ስለሆነ፣ የእርስዎም እንደዚያ ከሆነ ቁልቁለቱን ከጨረሱ በኋላ አስተማማኝ ቦታ ቆመው ሞተሩን አጥፍተው እንደገና ያስነሡት። አዳማ አካባቢ ፔዳሉን ከሦስት አራተኛ ሳያሳልፉ ሌላ ሰው ላፕቶፑን ይዞ እንዲመዘግብ ያድርጉ፤ ምጥጥኑ በጭነት ላይ ከ13 ተኩል በላይ ከወጣ ወይም የመንኳኳት ድምፅ ከተሰማ እግርዎን ወዲያውኑ ያንሡ። ምዝግቡን ወደዚህ ቢልኩልን ረድፍ በረድፍ አብረን እናየዋለን። የሙሉ ፔዳሉን ማስተካከያ ሁለተኛው የዘይት ቅያሪ ካለፈና ኮምፕሬሽኑ እንደገና ከተለካ በኋላ እንቀጥላለን።