ከጀልባ ኋላ እየጎተቱ ማጥመድ፦ ለባቦጋያና ለቆቃ የትኛው ዕቃ ይበጃል?

የቱሉ ዲምቱ ልጅ፦

ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ቱሉ ዲምቱ፣ የፍጥነት መንገዱ ከሚጀምርበት አካባቢ ነው። እስካሁን ቢሾፍቱ ሄጄ ሐይቅ ዳር ቆሜ በትል ቆሮሶ ከማጥመድ ያለፈ ልምድ የለኝም። ካናዳ የሚኖረው የእህቴ ባል ለእረፍት መጥቶ ሲመለስ ዕቃውን በሙሉ ትቶልኝ ሄደ፤ በአየር የምትነፋ ጀልባ፣ ሁለት ረጃጅም ዘንጎች፣ የተለቀቀውን ክር ርዝመት የሚቆጥሩ ሁለት ትልልቅ መጠቅለያዎች፣ ዓሣ የሚመስሉ የፕላስቲክ ማባበያዎች አንድ ሣጥን ሙሉ። በተጨማሪም ዳውንሪገር የሚሉት አለ፤ አራት ኪሎ ተኩል የሚመዝን የእርሳስ ኳስ በሽቦ ወደ ታች የሚያወርድ ዕቃ ነው።

እንደነገረኝ ከሆነ እዚያ አገር ጀልባውን በዝግታ እየነዱ ማባበያውን ከኋላ ይጎትታሉ፤ ኳሱ ትራውት የሚባለው ዓሣ ወደሚገኝበት ቀዝቃዛ ጥልቀት ያወርደዋል፤ ዓሣው አሳድዶ ይነክሳል። የቢሾፍቱው ባቦጋያ ሐይቅ በጣም ጥልቅ ስለሆነ ኳሱን ከ20 እስከ 30 ሜትር ባወርደው ይሆናል? ፍጥነቱስ ምን ያህል ይሁን? ሞተር የለኝም፤ የቤንዚን ልግዛ ወይስ በባትሪ የሚሠራ? ከመኪናዬ ያወጣሁት አሮጌ ባትሪ አለ። ደግሞም አባ ሳሙኤል ግድብ ለቤቴ ቅርብ ነውና እዚያ ብጀምርስ?

መረብ ይሻላል፦

ወንድሜ፣ ቆሮሶ የሚበላው ውሃው ውስጥ የሚንሳፈፈውን አረንጓዴ ደቃቅ ነገር ነው። የፕላስቲክ ዓሣ አሳድዶ ምን ሊያደርግለት? ጀልባዋን ሽጥና በግ ግዛባት።

ብረት ቀጥቃጩ (አቃቂ)፦

በግ ግዛ ያለህ ሰው ስለ ቆሮሶ ያለው ልክ ነው፤ ስለ ጀልባዋ ግን አትስማው። ቆሮሶን እየጎተትክ አታጠምደውም። እንቁላሉን በሚጥልበት ወቅት ጎጆው አጠገብ ያለፈ ነገር ሲያናድደው ይነክስ ይሆናል፤ እሱን ተማምኖ ግን ሰው ጀልባ አይነፋም። የምትጎትተው ለሌሎቹ ነው። ባቦጋያ ላይ አምባዛ አለልህ፤ ያገኘውን ሁሉ የሚበላ፣ ዓሣም የሚያሳድድ። ቆቃ፣ ዝዋይና ላንጋኖ ላይ ደግሞ ቢልጫ የሚሉት ነጭ ዓሣ አለ፤ ትልልቁ ትንንሽ ዓሣ ይበላል፤ ሲመታም ዘንጉ ይጎብጣል። ለዚህ ዓይነት ማጥመድ የተፈጠረ የሚመስለው ናይል ፐርች ያለው ጫሞና አባያ ላይ ነው። እዚያ ግን በአየር በተነፋች ጎማ እንዳትሄድ፤ አዞዎቹ ከጀልባህ ይረዝማሉ።

አሁን ወደ ኳሱ። የእህትህ ባል የነገረህ ለእሱ አገር ልክ ነው። ቀዝቃዛ አገር ያለ ትልቅ ሐይቅ በዓመት ውስጥ ከላይ እስከ ታች ስለሚገላበጥ ታችኛው ውሃ ኦክስጅን ይደርሰዋል፤ ትራውቱም በበጋ ቀዝቃዛውን ፍለጋ እዚያ ይወርዳል። ባቦጋያ እንደዚያ አይደለም። ጥልቀቱ 65 ሜትር ያህል ቢደርስም እሳተ ገሞራ የቆፈረው ጉድጓድ ነው፤ ዙሪያውን ያለው ገደል ነፋሱን ይከለክለዋል፤ የላይኛው ሞቃት ውሃ ከታችኛው ላይ ተኝቶ ይከርማል። በዚህ የተነሣ ታችኛው ውሃ ኦክስጅን አልባ ነው። እንኳን ቆሮሶ፣ ወደ ላይ ወጥቶ አየር የሚጎርሰው አምባዛም እዚያ ቤት አይሠራም። ኳስህን 25 ሜትር ካወረድከው ምንም በሌለበት ምድረ በዳ ማባበያ ታንሸራሽራለህ ማለት ነው።

ከኅዳር እስከ ጥር ባሉት ብርዳማ ሌሊቶች የላይኛው ውሃ ሲቀዘቅዝ ሁለቱ ይደባለቃሉ። ያን ጊዜ የታችኛው መጥፎ ውሃ ወደ ላይ ይወጣና በእነዚህ የቢሾፍቱ ሐይቆች ዓሣ በብዛት ሞቶ የሚንሳፈፍበት ጊዜ አለ። ዓሣው አፉን ወደ ላይ እያወጣ ሲያለከልክ ካየህ ዕቃህን ሰብስበህ ተመለስ፤ ማባበያ የሚያሳድድበት አቅም የለውም።

ስለዚህ ሥራህ ከላይ ባሉት ጥቂት ሜትሮች ውስጥ ነው። የባቦጋያ ዳርቻ ጥቂት እንደሄድክ ወዲያው ገደል ይሆናል፤ ያንን ጠርዝ ከደንገሉ ትይዩ እየተከተልክ ጎትት። መሀል ሐይቅ መንከራተቱን ተወው። ለዚህ ጥልቀት ኳስ አያስፈልግም፤ ከአፋቸው ሥር የፕላስቲክ ከንፈር ያላቸው ማባበያዎች ይበቁሃል። ከንፈሩ ሰፊና ወደ ፊት የተዘረጋ ከሆነ ጠልቆ ይወርዳል፤ አጭርና ቀጥ ብሎ የተተከለ ከሆነ ከላይ ይቀራል። ክሩ ሲቀጥንና ሲረዝም ደግሞ ይበልጥ ይወርዳል፤ ወፍራም ክር ውሃው ስለሚገፋው ማባበያውን ወደ ላይ ይይዘዋል። ከ20 እስከ 30 ሜትር ክር ልቀቅ፤ መጠቅለያህ ይቆጥርልሃል። ዓሣ ሲመታ ቁጥሩን አስታውስና በሚቀጥለው ዙር ያንኑ ያህል ልቀቅ። ያ ቆጣሪ ካመጣልህ ዕቃ ሁሉ ይበልጣል። ኳሱን መልሕቅ አድርገው።

ፍጥነት በሰዓት ከ3 እስከ 4 ኪሎ ሜትር፤ ሽማግሌ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለስ የሚራመደው ዓይነት። አምባዛ ላይ ወደ 2 ዝቅ በል። ስልክህ ፍጥነት ያሳይሃል፤ ሆኖም ስልኩን ከማመንህ በፊት ማባበያውን ከጀልባዋ ጎን አንድ ሜትር ያህል አውርደህ በዓይንህ እየው። በደንብ ከተወዛወዘ ፍጥነቱ ልክ ነው። በጀርባው ከተገለበጠ ወይም ወደ ጎን ከሸሸ በዝተሃል፤ ዝም ብሎ ከተጎተተ አንሰሃል።

ቀጥ ብለህ ግን አትሂድ። ጀማሪ ሁሉ መስመር እንዳሰመረ ሰው ቀጥ ብሎ ይሄድና ዓሣ የለም ብሎ ይመለሳል። እንደ እባብ እየተጠማዘዝክ ንዳ። ወደ ግራ ስትዞር የግራው ዘንግ ማባበያ ይዘገያል፤ ከንፈር የሌለው፣ ማንኪያ የሚሉት የብረት ማባበያ ከሆነ ይሰጥማል። የቀኙ ይፈጥናል። በመዞሪያው ላይ ዓሣው የመታው በውስጠኛው በኩል ከሆነ ያ ቀን የዝግታ ቀን ነው፤ በውጭኛው ከሆነ ፍጥን። እየቀዘፍክ ከሆነ ደግሞ አልፎ አልፎ ቀዘፋህን አቋርጥ። ማባበያው ቆም ብሎ እንደገና ሲነሣ፣ ከኋላ ሲከተል የቆየው ዓሣ ብዙ ጊዜ ያን ጊዜ ነው የሚነክሰው።

ሞተር፦ የቤንዚን ሞተር ቢሾፍቱ ከፍታ ላይ፣ ከባሕር ወለል 1,900 ሜትር ገደማ፣ ከጉልበቱ አምስት እጅ አንዱን ያህል ያጣል፤ ዝቅ ባለ ፍጥነትም መንገጫገጭ ይወዳል። በባትሪ የሚሠራው ለአንተ ይሻላል። የመኪና ባትሪ ግን ለማስነሣት እንጂ ቀስ እያለ ሙሉ በሙሉ ለመለቀቅ አልተሠራም፤ ጥቂት ጊዜ ባዶ ካደረግከው ይሞታል፤ ያንተ ደግሞ ገና ከመነሻው አሮጌ ነው። ለሶላር የሚሸጠውን ግዛ። ባለ 100 አምፔር ሰዓት ባትሪ በዝቅተኛ ፍጥነት ግማሽ ቀን ያንቀሳቅስሃል፤ ሙሉ ፍጥነት ላይ ካደረግከው ግን ሁለት ሰዓት ብትጫወት ነው።

አባ ሳሙኤልን እርሳው። የአቃቂ ወንዞች የከተማውን ፍሳሽ ይዘው የሚገቡት እዚያ ነው፤ ላዩንም እምቦጭ ይሸፍነዋል። እኔ ለግድቡ ካንተ ይበልጥ ቅርብ ነኝ፤ ከእዚያ የወጣ ዓሣ ግን ለድመትም አልሰጥም።

ዓሣ ነጋዴዋ (ሞጆ)፦

ጋሼ ብረት ቀጥቃጩ ስለ ውሃው ሁሉንም ብለዋል፤ ስለ ሰዎቹ ግን ረስተዋል። እኔ ከቆቃ ዓሣ እያወጡ ከሚሸጡልኝ ልጆች ጋር ስለምሠራ ልንገርህ። መረባቸውን ማታ ይዘረጋሉ፤ ንጋት ላይ ያነሣሉ። አንዳንዱ ግን ቀኑን ሙሉ ውሃ ውስጥ ይውላል። ምልክቱ ባዶ የፕላስቲክ ጠርሙስ ወይም የላስቲክ ጫማ ቁራጭ ሊሆን ይችላል፤ ማዕበል ሲኖር ደግሞ አይታይም። ከኋላህ ሁለት ማባበያ እየጎተትክ፣ እያንዳንዱ ባለ ሦስት ጥርስ መንጠቆ ሁለት ሁለት ተሰክቶበት፣ መረባቸው ላይ ብትሄድ ምን እንደሚሆን አስበው። የቤተሰብ እንጀራ ነው። መረብ ከያዘብህ የራስህን ክር ቁረጥ፤ የእነሱን ገመድ እንዳትነካ።

ከመግባትህ በፊት ወደ ማኅበራቸው ሂድና መረባቸው የት እንዳለ ጠይቅ፤ ደስ ብሏቸው ያሳዩሃል፤ አንዱ አብሮህ ቢገባ ደግሞ የተሻለ ነው። ስለ ፈቃድም ጠይቅ፤ የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 አለ፤ ክልሉም የራሱ አሠራር ይኖረዋል።

ቆቃ ላይ ነፋሱ ከረፋዱ በኋላ ይነሣል፤ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ግባና ነፋሱ ሳይበረታ ውጣ። ጉማሬ አለ። አዞም አለ። እኔ ብሆን በምትነፋ ጀልባ ቆቃን አልሞክረውም፤ ከእነሱ የእንጨት ጀልባ ተከራይ። የሕይወት ጃኬት የሌለው ሰው ግን የትኛውም ሐይቅ ላይ አይግባ።

የቱሉ ዲምቱ ልጅ፦

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ እትዬም ጋሼም። ባቦጋያን መረጥኩ፤ ከመግባቴ በፊት ደግሞ የሚመለከተውን እጠይቃለሁ። ሁለት ነገር ቀረኝ። መጠቅለያዎቹ ላይ ያለው ክር ተጎንጉኖ የተሠራ፣ ጨርሶ የማይለጠጥ ነው፤ ችግር አለው? እነዚህ የፕላስቲክ ማባበያዎች ሲያልቁስ ከየት አመጣለሁ?

ብረት ቀጥቃጩ (አቃቂ)፦

እትዬ ሞጆ ያሉትን ደግመህ አንብብ። በእነሱ ላይ የምጨምረው አንድ ነው፤ ባለ ሦስት ጥርሶቹን አውልቅና አንድ ጥርስ ብቻ ያለው መንጠቆ ግጠም። ከመረብም ከደንገልም በቀላሉ ይላቀቃል፤ ዓሣውንም አጥብቆ ይይዛል።

የማይለጠጥ ክር ጀልባ እየሄደች ሳለ ዓሣ ሲመታ ዱላ ይሆናል፤ መንጠቆው አፉን ቀድዶ ይወጣል። ስለዚህ ከጫፉ አምስት ስድስት ሜትር ተራ የናይለን ክር ቀጥልበት፤ እሱ ይለጠጣል። የመጠቅለያውንም ፍሬን አላላው። ማባበያው ብቻ ሲጎትተው ክር የማይሰጥ፣ ትንሽ ነገር ከታከለበት ግን የሚሰጥ እስኪሆን ድረስ። ሲመታህ ዘንጉን በኃይል አትሳብ፤ ጀልባዋ መንጠቆውን ሰክታልሃለች። ዘንጉን ከመያዣው አውጣና ክሩን ሳታላላ ጠቅልል። ማባበያው አጠገብ ደግሞ የምትሽከረከር ትንሽ ቀለበት ካላስገባህ ማንኪያው ክርህን ገመድ እስኪመስል ይጠመዝዘዋል።

ማባበያ መግዛት አያስፈልግህም፤ ማንኪያውን ራስህ ትሠራዋለህ። የነሐስ ላሜራ፣ ውፍረቱ 1 ሚሊ ሜትር ገደማ፣ ከማንኛውም የብረታ ብረት ሥራ ቤት ቁራጭ አይጠፋም። ጣት በሚያህል ርዝመት እንደ ባሕር ዛፍ ቅጠል ቁረጠው፤ ጠርዙን በሞረድ አለስልሰው፤ ሁለቱን ጫፍ ብሳና በእንጨት ላይ አስደግፈህ በመዶሻ ጎድጉደው። ጥልቅ ጉድጓድ ያለው በሰፊው ይወዛወዛል፤ ለዝግታ ጥሩ ነው። ጠፍጣፋው ለመወዛወዝ ፍጥነት ይፈልጋል። አንዱን ጎን አብረቅርቀው፣ ሌላውን ጥቁር ቀባው። የቆቃ ውሃ ደፍራሳ ስለሆነ እዚያ ከብልጭታው ይልቅ ዓሣው የሚሰማው መንቀጥቀጡ ነው፤ ስለዚህ ለቆቃ ትልቁንና ጎድጓዳውን ሥራ። ሠርተህ ስትጨርስ ከጀልባዋ ጎን አውርደህ እየው፤ ካልተወዛወዘ እንደገና እንጨቱ ላይ አድርገህ ወደ ጅራቱ በኩል ሁለት ሦስት ጊዜ ምታው።